ክበብን ፊርማ አያቆመውም

ሰሞኑን አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ ክበብ ማቋቋም የሚፈልጉ ተማሪዎች አስቀድመው የ40 አባላት ፊርማና የተሟላ መተዳደሪያ ደንብ እንዲያቀርቡ ወስኗል። ክበባት እየተጀመሩ ስለሚቀሩ ቁርጠኝነት በቅድሚያ መረጋገጥ አለበት ተብሏል።

ፊርማ የምን ቁርጠኝነት ያሳያል? ብዙ ጓደኛ ያለው ልጅ በአንድ የእረፍት ሰዓት 40 ፊርማ ይሰበስባል። ለፈራሚውም እንቢ ከማለት መፈረም ይቀለዋል። ጥሩ ሐሳብ ይዛ ሰው የምታፍር ልጅ ግን ውጭ ትቀራለች። ይህ ቁርጠኛውን ሳይሆን ታዋቂውን መምረጥ ነው።

ክበብ የሚሞተው በአባል ማነስ ሳይሆን በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። ሊሠሩ የመጡ ልጆች ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ሒሳብ ያዥ ሲመርጡ፣ በደንቡ አንቀጾች ሲከራከሩ ደወል ይደወላል። በሁለተኛው ሳምንት ግማሹ ይቀራል፤ በሦስተኛው ተመራጮቹ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ደንብ ይቅደም ማለት ይህንኑ ጥፋት በመመሪያ ማጽናት ነው!

በመጀመሪያው ቀን ሥራ ይሠራ። የክርክር ክበብ ከሆነ ርዕሱ ቀድሞ ይለጠፍ፤ ሁለት ለሁለት፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ 3 ደቂቃ፣ የተረፈው ጊዜ ለአድማጭ ጥያቄ። የሳይንስ ከሆነ አራት ሎሚ፣ አራት ዚንክ የተለበጠ ሚስማር፣ የመዳብ ሽቦና አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ሁለት እግር ያላት ትንሽ መብራት) ይበቃል። አንድ ሎሚ 0.9 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ብቻውን አያበራም፤ በየሎሚው አንድ ሚስማርና አንድ መዳብ ተሰክቶ፣ የአንዱ መዳብ ከቀጣዩ ሚስማር ጋር እየተያያዘ አራቱ በተከታታይ ይገናኙ። ካልበራ የኤልኢዲው እግር ይታይ፤ ረጅሙ በመዳቡ በኩል መሆን አለበት። መብራቱ ሲበራ ያየ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ጓደኛውን ይዞ ይመጣል።

ለዚህ 6 ወይም 8 ልጆች፣ የማይቀያየር ቀንና ሰዓት፣ ቁልፉ በሰዓቱ የሚገኝ ክፍልና በፈቃዱ የመጣ ተጠሪ መምህር ይበቃሉ። በግዴታ የተመደበ መምህር ከሁለት ሳምንት በኋላ አይታይም። ደንቡ ሥራው መልክ ሲይዝ በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ መዋጮ ካለ ገንዘብ ያለ ሁለት ሰው ፊርማ አይውጣ። ምክትሉ ደግሞ ከታችኛው ክፍል ይሁን፤ አለበለዚያ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ሲመረቁ ክበቡም አብሯቸው ይሄዳል።

ትምህርት ቤቱ ኃላፊ የሚሆነውን ሰው ማወቅ መብቱ ነው። ለዚያ የመምህሩ ስም፣ ክፍሉና ሰዓቱ የሰፈሩበት ግማሽ ገጽ ማመልከቻ በቂ ነው። ለአዲሱ ክበብ 8 ሳምንት ይሰጠው፤ ቁርጠኝነቱ ከስም መቆጣጠሪያው ይታያል። የ40ው ፊርማ ግን የክበባት ምዝገባ ሳይጀመር ይሰረዝ።