ጡሩምባው አራብሳ ይሰማል?

እትዬ የኮንዶሚኒየም እጣ የደረሳቸው ቀን ግቢያችን በእልልታ ቀለጠ። (ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ብቻ እያለ ስለሚጠራቸው ሙሉ ስማቸውን የሚያውቁት እድሩና ቀበሌው ናቸው።) ቡና ተፈላ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። በ1997 ተመዝግበው፣ በ2005 እንደገና ተመዝግበው፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት እየሸጡ ቆጥበው ያገኙት ቤት ነው። እልልታው ሲያንሳቸው ነው።

ከዚያ አንዱ አፉን ከፈተ።

«የት ሳይት ነው የደረሰዎት?»

«ቦሌ።»

«ቦሌ የት ጋ?»

«ቦሌ...» አሉና የቡና ስኒ ወደ ማቅረብ ዞሩ። «ቦሌ አራብሳ።»

እልልታው ቀጥ አለ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ሌላዋ ነጠላዋን እያስተካከለች «ያው ሰው ያለበት አገር እስከሆነ ድረስ...» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። እኔም ዝም ማለት ከብዶኝ «ጅብ አለ ይባላል» አልኩ። ለማጽናናት ነበር።

የሄዱ ቀን ስንቅ ሰጠናቸው። ቀልዴን አይደለም። ቆሎ ተቆላ፣ ዳቦ ተጋገረ። አይሱዙው ላይ ቁምሳጥኑ ቆሞ፣ ሶፋው ተገልብጦ፣ ከላይ ሮቶው ታስሮ፣ እትዬ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ሾፌሩ ግራ ገብቶት «ማዘር፣ ኬላ የምናልፍ መሰለዎት እንዴ?» አላቸው።

እዚህ ላይ እኛ ማን እንደሆንን ልናገር። አራት ኪሎ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ቀበሌ ቤት ነው የምንኖረው። ግድግዳው ጭቃ ነው። ቆርቆሮው ከኔ በዕድሜ ይበልጣል። ስድስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት በር ላይ በየማለዳው ተሰልፈን «ቆይተሃል እኮ!» እየተባባልን ነው የምንውለው። እንግዲህ እኛ ነን በራሳቸው ሻወር ለሚታጠቡት ለአራብሳ ሰዎች የምናዝነው። ምክንያቱም እኛ አራዳ ነን። እነሱ ወጥተዋል። የወጣ ሰው ደግሞ ሻወር ቢኖረውም ፋራ ነው።

«ቦሌ» የምትለዋ ቃል ራሷን የቻለች ነገር ናት። አራብሳ የሚኖር ሰው በስልክ «የት ሰፈር ነህ?» ከተባለ «ቦሌ» ይላል። ሁለተኛዋን ቃል የሚያወጣት ከባለ ላዳ ጋር ሂሳብ ሲከራከር ብቻ ነው። ይባስ ብሎ ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆኖ ሲቋቋም አራብሳ ከቦሌ ወጥቶ ወደዚያ ገባ። በወረቀት ተፋተዋል ማለት ነው። እሱ ግን እንደ ፈረንጅ ሚስት የባሉን ስም ይዞ ቀረ።

እትዬን ለመጠየቅ ቃል የገባነው በሳምንቱ ነበር። የሄድነው በዓመቱ ነው። ለብቻዬ ብሄድ ይሻለኝ ነበር፤ ግቢው ተሰብስቦ ስለሄደ ነገሩ ጉዞ ማርያም መሰለ። ማለዳ ተነስተን መገናኛ ተሰለፍን። ተራ አስከባሪው «አራብሳ በዚህ! አራብሳ በዚህ!» ሲል ሰልፉ ጥምጥም ብሎ ሦስት ቦታ ታጥፏል። የቱ መጨረሻው እንደሆነ ለማወቅ ራሱን የቻለ ሌላ ሰልፍ ያስፈልግ ነበር። በቅጥቅጥ ተሳፈርን። ከተማው አለቀ ስል ሌላ ከተማ ይጀምራል። ያም አለቀ ስል ብሎክ ብቅ ይላል፤ ከጀርባው ብሎክ፣ ከዚያም ጀርባ ብሎክ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም፣ ሁሉም በረንዳ ላይ ብርድ ልብስና ዲሽ።

ብሎኩን ተሳሳትን። ፎቁና የቤት ቁጥሩ ግን ልክ ነበር። ስናንኳኳ አንዲት ሴትዮ ከፈተች። አይታን አታውቅም፤ እኛም አይተናት አናውቅም። «ግቡ፣ ግቡ» አለች። የእትዬ ቤተ ዘመድ መስላን ገባን። እሷም የባሏ ዘመዶች መስለናት ቡና አፈላች። ሁለተኛው ስኒ ላይ ባልየው መጣና ሁላችንንም በየተራ ሳመን። የሚስቱ ዘመዶች መስለነው ነው። እውነቱ የወጣው በሦስተኛው ስኒ፣ ከመሃላችን አንዷ «እትዬ ገበያ ወጡ እንዴ?» ስትል ነው። ማንም አልተቆጣም። «ያጋጥማል፣ እዚህ ቤት ከገባን አራተኛ ነው» አሉን። አንዷን በስህተት የመጣች እንግዳ እንዲያውም የክርስትና እናት አድርገዋት ኖሯል።

ትክክለኛውን ብሎክ ስናገኝ ደረጃው ላይ ሰው ታግዷል። የፋሲካ ሰሞን ነው፤ አንድ ሰውዬ በግ ይዞ ወደ አራተኛ ፎቅ እየወጣ፣ በጉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አልሄድም ብሏል። ሊፍት የለም። ሰውዬው ከፊት ይጎትታል፣ ልጁ ከኋላ ይገፋል፣ በጉ የሰው ጫማ መደርደሪያ ላይ እግሩን ተክሏል። ለእርድና ለልብስ አጠባ ተብሎ ኮሙናል የሚባል ቤት ታች ተሠርቶ ነበር። የእነ እትዬ ብሎክ ኮሙናል ቁልፍ ግን ማን እጅ እንዳለ ኮሚቴው እስካሁን ይከራከራል። እኛም ጠጋ ብለን በጉን ገፋን። ከዚያ ወዲያ አራት ኪሎ ስለ አራብሳ የምናወራው ይህንኑ በግ ነው። በየቡናው አንድ ፎቅ ይጨመርበታል። ባለፈው የሰማሁት በግ ሰባተኛ ደርሷል፤ ብሎኩ ጂ ፕላስ አራት ነው።

እውነቱን ልናገር። እኔም በ2005 ተመዝግቤያለሁ። ባለ ሁለት መኝታ። የቁጠባ ደብተሬ ከጋብቻ ወረቀቴ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ነው፤ ሁለቱንም ያቆያቸው ትዕግስት ነው። 20/80 ማለት ሃያውን እጅ አንተ ትቆጥባለህ፣ ሰማንያውን ባንክ ያበድርሃል ማለት ነው። የአራብሳ ሐሜታችንም ያው 20/80 ነው። ሃያው እውነት ነው፤ ሰማንያው እጣ ያልወጣለት ሰው የሚያወራው።

ደግሞ ጅብ፣ ጅብ እንላለን። ሌሊት ቀበና ወንዝ ውስጥ የሚያላዝነው ታዲያ ማነው? የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነው?

ለነገሩ ይህ ወሬ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ የእንጦጦ አራብሳ ነበረች። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃን ወደዱ፣ ቤት ይሠራልኝ አሉ። እላይ የቀሩት ወይዛዝርት እንጀራቸውን እየጠቀለሉ ዝም ያሉ ይመስላችኋል? እኔ አይመስለኝም። «እሜቴ እኮ ሜዳ ወረዱ» ተብሏል። «ገበያውስ? ጅቡስ?» ተብሏል። «ሙቅ ውሃ አለ አሉ» ስትል አንዷ፣ ሌላዋ «ሙቅ ውሃ ይበላል?» ብላታለች። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን መኳንንቱም ሠራዊቱም ድንኳኑን ነቅሎ ተከትሎ ወረደ፤ ወይዛዝርቱም አብረው።

ካዛንቺስም ቢሆን ጣልያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራው የመኖሪያ ሰፈር ነው። ስሙም የመጣው ቤቶቹን ካሠራው የጣልያን ድርጅት ምህጻር ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ»። እንግዲህ ኮንዶሚኒየም ካልተባለ ምን ሊባል ነው? እውነተኛው ቦሌስ? አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ተነስቶ የሄደበት ሜዳ ነው፤ አውሮፕላን ደግሞ ሰው መሃል አያሳርፉም። ሲኤምሲ የጣልያን ኮንትራክተር ስም ነው። ዛሬ «ሲኤምሲ ነኝ» የሚል ሰው ግን ኮንትራክተሩ አያቱ የሆነ ያህል ደረቱን ይነፋል።

ከዚያ 2016 መጣ፣ ኮሪደር ልማት መጣ። ፒያሳ ፈረሰ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ። አራዳ የሚባለው ፍጡር ሶፋውን ጭኖ ገላን ጉራ ገባ፣ አራብሳ ገባ። ከእድራችንም ብዙው ሄደ። ቤት ይቀየራል፣ እድር ግን እንደ ደም ዓይነት ነው፤ ማንም ስሙን አላስወጣም። በየወሩ መዋጮውን ይልካል። ችግሩ ሰው እዚያም መሞቱ ነው።

የመጀመሪያው ለቅሶ ጊዜ ስብሰባ ተጠራ። ገንዘብ ያዡ ተነሱና ለድንኳኑ፣ ለወንበሩና ለድስቱ የሚከፈለው የአይሱዙ ኪራይ ለሐዘንተኛው ከሚሰጠው ገንዘብ በለጠ አሉ። አንዱ «ሬሳው ወደ ድንኳኑ ይምጣ» የሚል ሐሳብ አቅርቦ አፍ አፉን ተባለ። ከዚያ ጡሩምባ ነፊያችን እጅ አወጡ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ጎህ ሳይቀድ የሰው መርዶ የነፉ ሰው ናቸው፤ ስብሰባ ላይ ተናግረው አያውቁም።

«እዚህ ስነፋ አራብሳ ይሰማል ወይ?» አሉ።

«አይሰማም» አለ ሊቀመንበሩ።

«እሺ፣ በራሴ ሂሳብ እዚያው ድረስ ሄጄ ነፋሁ። ሰው ወጣ መሰላችሁ? ልጆች ናቸው የወጡት። የቡናና የጊዮርጊስ ጨዋታ ያለ መስሏቸው፣ ‹ስንት ለስንት ናቸው?› አሉኝ።»

የሳቀም ነበር። እሳቸው አልሳቁም። የትራንስፖርት አበል ይቆረጥልኝ ብለው ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ በየሰፈሩ ያለውን አባል እንቁጠር አለ። ተቆጠረ። አራብሳ ያሉት እኛን ሦስት እጥፍ ይበልጡናል። ድንኳኑ ወደዚያ ይሂድ ተባለ። ዕቃ ቤቱም ወደዚያ። የወር ስብሰባውም ወደዚያ። ጡሩምባው ቀርቶ ቴሌግራም ሆነ፤ ጡሩምባ ነፊው አሁን «ኦንላይን» ናቸው፣ መርዶ የሚነግሩት በድምፅ መልእክት ነው፣ ከመናገራቸው በፊት አንዴ በጡሩምባው ይነፋሉ።

በመጀመሪያው የአራብሳ ስብሰባ አርፍጄ ደረስኩ። መገናኛ ያለው ሰልፍ አልቀነሰም። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ «ሃምሳ ብር ቅጣት» አለኝ።

«እንዴ፣ እኔ እኮ ከሩቅ ነው የመጣሁት!» አልኩ።

አፌን ያዝኩ፤ ግን ወጥታለች። አዳራሹ ዞሮ አየኝ። ከፊት ወንበር እትዬ ብድግ አሉ። ወፍረዋል፣ ፊታቸው ጠርቷል።

«ተዉት እባካችሁ፣ አራት ኪሎ እኮ ነው ያለው» አሉ።

ከንፈር ተመጠጠ። አወቅኩት፤ ያው የኛው ከንፈር መጠጣ ነው። ከጎኔ ያለችው ሴት «አሁንም ያችው ቀበሌ ቤት? ሽንት ቤቱስ በጋራ ነው?» አለችኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሕመምተኛ እንደሚጠየቅ። «ያ የቀበና ጅብ አሁንም ይጮሃል?» አለ ከኋላ አንዱ። ቅጣቴ በግማሽ ተቀነሰ። መዝገቡ ላይ ምክንያቱን ሲጽፍ አየሁት፦ «በችግር።»

ሲመሽ እትዬ እደር አሉኝ። አልሆንም ስላቸው ጓዳ ገብተው ትንሽ ፌስታል ይዘው ወጡ። ቆሎ ነው።

ታክሲ ሰልፉ ላይ ቆሜ ቆሎዬን እቆረጥማለሁ። ከፊቴ የቆመ ወጣት ዞር አለ።

«ፋዘር፣ እስከ የት ነዎት?»

«አራት ኪሎ።»

«ኡፍ» አለና ቦታውን ለቀቀልኝ።