ሁለት መደዳ ወንበር

አሜሪካ፣ ሚኔሶታ፣ ወርዚንግተን ከተማ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው።

እማማ ሞቱ። ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ። ከፋብሪካ የማንበላውን አሳማ ስንከትፍ ውለን ስንመጣ፣ ማድቤታቸው ውስጥ ሰብስበው ለዜግነት ፈተና ያስጠኑን እሳቸው ናቸው። ቀብራቸው የዛሬ ወር ገደማ፣ ቅዳሜ ቀን፣ በሉተራን ቤተ ክርስቲያናቸው ተፈጸመ። ልጃቸው አስቀድማ ልካብናለች። ከኛ መሀል የሄደ ሰው የለም። አንድም!

ባለፈው ሳምንት ገበያ አገኘችኝ። አልተቆጣችም። «እናቴ ልጆቼ ስለምትላችሁ ሁለት መደዳ ወንበር አስጨምሬ ነበር» አለችኝ። ሌላው ሰው ምድር ቤት ወርዶ ምሳ ሲበላ፣ ወንበሮቹን እያጠፈች የመለሰችው ራሷ ናት። እኔ ምን አልኳት? «ፈረቃ ነበረን።» ዋሸሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ አዳራሽ ተከራይተን እስክስታ ስንመታ እንዳመሸን ግማሻችሁ ቪዲዮው አላችሁ።

ለቅሶ ደራሽ ነን ብለን የምንኩራራ ሰዎች! አገር ቤት ሰው ሞተ ሲባል ቀን ሳይመሽ እናዋጣለን። ሦስት መንገድ ተሻግሮ ያለ አስከሬን ግን የፈረንጅ ነው።

ይህ ከተማ ከፋብሪካው ጋር የተፈጠረ ይመስለናል። በ1870ዎቹ መጀመሪያ መጠጥ የሚከለክሉ ሰፋሪዎች እንደቆረቆሩት የነገሩን እሳቸው ናቸው (ቢራ ይዘን ሲያዩን የሚስቁት ለዚህ ነበር)። ከ1873 ጀምሮ አንበጣ በተከታታይ ዓመታት ሰብሉን እንዴት እንደጨረሰው ሲያወሩ፣ «አንበጣ እኛም አገር አለ» አልናቸው። «እንግዲያው ዘመድ ነን» አሉን። ቀልድ መስሎን ነበር። በዲሴምበር 2006 የኢሚግሬሽን ሰዎች ፋብሪካውን ከበው ከሁለት መቶ በላይ ሠራተኛ ሲይዙ፣ እናትና አባት የቀሩባቸውን የጎረቤት ልጆች ቤታቸው አሳደሩ። በ2020 ኮሮና ፋብሪካውን ሲያዘጋው ደጃፌ ላይ ሾርባ አስቀምጠው፣ ደውለው፣ ሳላያቸው ሄዱ።

የትምህርት ቤቱን ነገርማ እኔው ልናገር። ልጆቻችን በክፍል ጥበት ሲታጨቁ፣ ሕንፃ ይሠራ ወይ ተብሎ ከ2013 ጀምሮ አምስት ጊዜ ምርጫ ተደርጎ አምስቴም ወደቀ። ስድስተኛው፣ በኖቬምበር 2019፣ ለጥቂት አለፈ። እማማ የሚማር ልጅ የላቸውም፤ ግብሩም ቤታቸው ላይ እንደሚጨመር ያውቃሉ። ስድስቴም «ይሠራ» አሉ። አምስተኛው ምርጫ ዕለት እኔ ተኝቼ ነበር። ዜግነት ይዤ፣ የዜጋ ግዴታ ምን ምን እንደሆነ በቃሌ እያወቅሁ ተኛሁ። ማታ ደውለው «መረጥህ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኳቸው። «ጎበዝ» አሉኝ። ይህን ስጽፍም ያቺ «ጎበዝ» ጆሮዬ ላይ ናት። ለእናትም ለልጅም የዋሸ ሰው እናንተን ሊገሥጽ ምን አፍ አለው? ግን ከናንተም መሀል ማን ይናገር?

የፊታችን እሁድ አርባቸው ነው። ልጃቸው አርባ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ቡና አፍልቼ አስረዳታለሁ፣ ያልሠራሁትን ፈረቃም አብሬ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቤቷ ነኝ። ሁለት መደዳ እንሞላለን ብዬ አላስብም፤ አውቃችኋለሁ። አምስት ሰው ቢመጣ ግን ጀበናው ትልቅ ነው። መኪና የሌለው ይደውልልኝ።