«ጃስ» የሚያውቅ፣ «ና» የማያውቅ ውሻ

በእኛ ደሴ የግቢ ውሻ «ጃስ!» ሲሉት ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። ያንኑ ውሻ በበሩ ሾልኮ አስፋልት ላይ ሲወጣ «ና!» ብላችሁ ጥሩት፤ ዞር ብሎም አያያችሁ። ባለቤቱ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ይሮጣል፣ ልጆች ይከተላሉ፣ ውሻው ጨዋታ ይመስለውና ይብስበታል። በመጨረሻም «ይህ ደንቆሮ!» ይባላል። እኔ ግን ደንቆሮው እሱ አይመስለኝም።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው። ውሻዬ ቡችላ ሳለ በጠራሁት ቁጥር እየተንደረደረ እግሬ ሥር ይወድቅ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከግቢ አምልጦ የጎረቤት ዶሮ ሲያባርር ደረስሁበት። ጠራሁት፤ ዶሮዋን ትቶ መጣ። እኔም ዶሮ በማባረሩ በአርጩሜ ገረፍሁት። እሱ ግን የገባው በመምጣቱ እንደተገረፈ ነው። ውሻ ዱላንም ሆነ ቁራሽ ሥጋን የሚያያይዘው በዚያችው ቅጽበት ካደረገው ነገር ጋር ነው፤ ቀደም ብሎ ለሠራው ጥፋት ክስ ቢያነቡለት አይገባውም። ከዚያ ወዲህ ስጠራው አሥር እርምጃ ርቆ ይቆምና እጄን ያያል።

ዱላ የማያነሣውም ሰው ቢሆን ሌላ ስሕተት አለበት። ብዙዎቻችን ውሻችንን ቀን አስረን ማታ እንፈታለን። «ና» የምንለው ደግሞ ንጋት ላይ ሰንሰለቱን ይዘን ነው። ታዲያ የትኛው ሞኝ ይመጣል?

ማስተማሩ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። በር ዘግቶ፣ ውሻው ምግቡን ሳይበላ፣ ከሁለት ከሦስት እርምጃ ርቀት አንድ ጊዜ መጥራት፤ ሲደርስ ወዲያው ቁራሽ ሥጋ ማጉረስ፣ ማሻሸት፣ ከዚያም ወደ ጨዋታው መልሶ መልቀቅ። ዋናው ነገር ይህ መልቀቁ ነው፤ መጠራት የነፃነቱ ማብቂያ እንዳልሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው። (በጾም ወቅት ሥጋ ከየት ይመጣል ለምትሉኝ፣ የዳቦ ፍርፋሪም ያገለግላል።) ከግቢ ውጭ ሲሞከር ረጅም ገመድ አንገቱ ላይ ማሰር ይበጃል፤ እንዳያመልጥ ነው እንጂ እንዲጎተትበት አይደለም። «ና፣ ና፣ ና» እያሉ መደጋገም ቃሉን ከመንገድ ጩኸት አይለየውም። ካመለጠም አታባርሩት፤ ጀርባ ሰጥታችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ብትሮጡ እሱ ራሱ ይከተላችኋል።

«ለስላሳ ውሻ ምን ይጠብቃል?» የሚሉኝ አሉ። ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ውሻ ልብሳቸውን እንዳይነካቸው ከሚጠነቀቁ አንድ የሰፈራችን ሼህ ነው። «ልጄ፣ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ለአደን የተማረ ውሻ የሚባለው ሲልኩት የሚሄድ፣ ሲከለክሉት የሚቆም፣ የያዘውን የማይበላ ነው። ያንተው ገና መሄዱን ብቻ ነው የተማረው» አሉኝ። አፈርሁ። የማይመለስ ውሻ ሌባውንና እንግዳውን ለይቶ አይነክስም፤ ሲነክስ ደግሞ ካሳ ከፋዩ ባለቤቱ ነው።

ጉዳዩ ከከተማ አጥር አልፎም ይሄዳል። በቦረና ሳይንትና በላሊበላ አቅራቢያ ባለው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ መኖሪያቸውም ኢትዮጵያ ብቻ ናት። ከብት ተከትሎ ወደ ደጋው የሚወጣ ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ሊያስተላልፍባቸው ይችላል። ሰውንም ቢሆን ይህ በሽታ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚይዘው በውሻ ንክሻ ነው። መከላከያው ክትባት ነው፣ እርግጥ ነው። ነገር ግን ከታቢው በር ላይ ቆሞ ውሻው በአጥር ሥር ሾልኮ ከሄደ መርፌው ማንን ይወጋል? ለዚህ ነው «ና» የሚለው ቃል የቅንጦት ትምህርት አይደለም የምለው።

የእኔው ውሻ አሁን አድጓል። አንዴ ያበላሸሁትን «ና» ትቼ «ኩቲ» እያልሁ እንደ ቡችላ ከመጀመሪያው አስተምረዋለሁ፤ የፈራውን ቃል ከማስወደድ አዲስ ቃል ማስለመድ ይቀላልና። አርጩሜው ምድጃ ገብቷል። ከአሥሩ እርምጃ ሰባቱን ጨርሶ፣ ትናንት ሦስት ሲቀረው ቆመና እጄን አየ። ሥጋውን መሬት ላይ አስቀምጬ ዞር አልሁለት።