ጀንበር ሳለ ሩጥ

የእህቴ ልጅ እሁድ ማታ መኪናዬን መለሰልኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ተጫጭራለች» አለኝ ቁልፉን እያቀበለኝ። ወጥቼ አየሁ። የቀኝ በሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተልጧል፤ ስፖኪዮው በፕላስተር ታስሯል። ነዳጅ የሚባል የለም። ስለ ነዳጁ ትንፍሽ አላለም።

ንዴቴን ላበርድ ስልኬን ስጎረጉር ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሚኬላንጄሎ በጥቁር ጠመኔ የሳለው ፋኤቶን መጣብኝ። ወረቀቱ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው። ከላይ የግሪኮች የአማልክት አለቃ ዜውስ ንስር ላይ ፊጥ ብሎ መብረቁን ይወረውራል። መሃል ላይ አራት ፈረሶች ሆዳቸው ወደ ሰማይ ተገልብጦ ይወርዳሉ፤ ልጁም አብሯቸው በአናቱ። ከታች እህቶቹ ይንሰቀሰቃሉ።

በግሪኮች ተረት ፋኤቶን የፀሐይ አምላክ ልጅ ነው። አባትየው የፈለገውን ሊያደርግለት ማለ። ልጁ ምን ጠየቀ? ቁልፍ! የፀሐይን ሠረገላ፣ ለአንድ ቀን ብቻ። አባት ለመነ፣ አስጠነቀቀ፤ ግን አንዴ ምሏል። እኔ እንኳ አልማልኩም። ይሉኝታ ነው የጨረሰኝ።

«ጀንበር ሳለ ሩጥ፣ አባት ሳለ አጊጥ» የምትለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳታለሁ። አባቴን ጫማ ያስገዛሁት በሷ ነው። ጀንበሩም አባቱም አንድ የሆኑለት ግን ፋኤቶን ብቻ ነው። በአንድ ጠዋት ሮጠም፣ አጌጠም።

ሮማዊው ገጣሚ ኦቪድ ደግሞ ኢትዮጵያውያን የጠቆሩት ያን ዕለት ነው ይባላል ብሎ ጽፏል። ሠረገላው ከልጁ ቁጥጥር ወጥቶ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ከሙቀቱ የተነሳ ደማቸው ወደ ቆዳቸው ወጥቶ! ግሪኮችና ሮማውያን ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በታች ያለውን አገር በጅምላ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ከነከነኝ። መልካችን መንጃ ፈቃድ የሌለው ጎረምሳ ያደረሰው ጉዳት ሆኖ ተመዘገበ ማለት ነው። ያውም ትራፊክ ሳይጠራ።

ሚኬላንጄሎ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1533 ገደማ የሠራው ቶማሶ ካቫሊየሪ ለሚባል የሮም ወጣት ነው። እዚያው ወረቀት ላይ፣ ካልወደድከው ለኡርቢኖ ንገረው፣ እስከ ነገ ማታ ሌላ እሠራልሃለሁ የሚል መልእክት ጽፎለታል። ኡርቢኖ አገልጋዩ ነው። በቫቲካን የሚገኘውን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ሥዕል ከጨረሰ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ 58 ዓመት የሞላው ሰው «ካልወደድከው» ይላል!

አምና የመኪናዬን በር የወሰደው ቀለም ቀቢም «ነገ ማታ» ብሎኝ ነበር። ከጥር እስከ ግንቦት ነገ ማታ ሆነ። ሲያመጣው የበሩ ነጭ ሌላ፣ የመኪናው ነጭ ሌላ። «ነጭ ያው ነጭ ነው» አለኝ። እስካሁን አልለቀቀኝም። ልጁ የላጠውም ያንኑ በር ነው። አሁን ተመልሼ እሱ ዘንድ ልሄድ ነው?

ለነገሩ የተነሳሁት ስለ ማዋስ ላወራ ነበር። ልጁ ዛሬ ደውሎ ቅዳሜ የጓደኛው ሰርግ እንዳለበት ነግሮኛል። እምቢ እለዋለሁ። እህቴ ካልደወለች።