ኧረ ይሄን ባዶ ገመድ አትሽጡልን!

አቦ፣ ታይዋን ገበያ ኤሌክትሮኒክስ የምትሸጡ ልጆች፣ ላፕቶፕን ከአሮጌ ቲቪ ያገናኛል እያላችሁ ይሄን በአንድ ጫፉ ኤችዲኤምአይ በሌላው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ አርሲኤ (ክብ መሰኪያ) ያለውን ገመድ መሸጥ ተዉ በናታችሁ! ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው። ላፕቶፑ በኤችዲኤምአይ የሚያወጣው ዲጂታል ነው፣ አሮጌው ቲቪ ደሞ በአርሲኤ የሚቀበለው አናሎግ፣ ታዲያ ሽቦ ብቻውን በምን ተአምር ይቀይረዋል? ከዩኤስቢ 5 ቮልት የሚወስድ ኮንቨርተር፣ ማለትም ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር መሳሪያ ነው የሚያስፈልገው፣ እሱንም ስትጠይቅ አቅጣጫውን ሳያዩ ከአርሲኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን አንስተው ይሰጡሃል፣ "ይሰራል ወላሂ" ብለው!

ቢሰራ እንኳ በቢጫው የሚሄደው ምስል በፓል፣ በአሮጌው የቲቪ ደረጃ፣ 576 መስመር ብቻ ነው፣ ፊልም ይታይበታል፣ ትንንሽ ፅሁፍ ግን አይነበብም። ይሄን ማንም አይነግርህም።

እኔን በጣም ያናደደኝ ደሞ የኔ ፕሮጀክተር ኮምፖነንት የሚባለው ምስሉን በሶስት ገመድ የሚቀበል መግቢያ አለው፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ፣ 1080አይ፣ ማለትም 1080 መስመር ያለው ምስል የሚቀበል ምርጥ እቃ፣ ለሱ የሚሆን ኮንቨርተር ስፈልግ "ኧረ እሱን ጣለውና አዲስ ግዛ" ይሉኛል። ለምን ብዬ ነው የምጥለው? አምፖሉ ደህና፣ ሌንሱ ንፁህ፣ ምስሉ ግድግዳ ሙሉ! ትክክለኛውን ኮንቨርተር አምጡልን፣ እንገዛለን።