ቀን ይሰየምልን

«በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሠላሳ ምናምነኛ፣ በአገራችን ደግሞ ለሃያ ምናምነኛ ጊዜ...»

ዜናው እንዲህ ሲጀምር የቀረውን ባልሰማም አውቀዋለሁ። ቀኑ በፓናል ውይይት ይከበራል። ጥናታዊ ጽሑፍ ይቀርባል። ባለድርሻ አካላት ተቀናጅተው እንዲሠሩ ጥሪ ይተላለፋል። ከዚያ ካሜራው ወደ አዳራሹ ይዞራል። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሕዝብ ተቀምጧል። ፊት ያለው ማስታወሻ ይይዛል፤ ኋላ ያለው የሻይ ሰዓቱን ይጠብቃል።

እኔን የሚገርሙኝ ሁለቱ ቁጥሮች ናቸው። ዓለም ሁሌ ይቀድመናል። አምስት ዓመት ዘግይተን ከጀመርን ዕድሜ ልካችንን በአምስት ዓመት እንደተቀደምን ነው። አምስት ዓመት ሁለት ሁለቴ ብናከብር እኮ እንደርስባቸው ነበር። ይህን ሐሳብ እስካሁን ለባለድርሻ አካላት ያቀረበ የለም።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የአዳማው የክፍያ መንገድ የሚጀምርበት የአዲስ አበባ ጫፍ። ከከተማ ለመውጣት ይከፈላል፣ ወደ ከተማ ለመግባት ይሰለፋል። እዚህ ቀን ማክበር እናውቅበታለን። ለምሳሌ ዓለም የውሃን ቀን በዓመት አንዴ፣ መጋቢት 13 ያከብራል። እኛ በየሳምንቱ እናከብራለን። ያውም ሌሊት።

የእኛ የውሃ ቀን መሪ ቃል የለውም። ምድር ላይ የሚኖሩት እማማ «መጣችችች!» ብለው ሲጮኹ በዓሉ በይፋ ይከፈታል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ይችላል። መብራት ከታች ወደ ላይ እየተከታተለ ይበራል። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ በርሜል ይሰለፋል። አራተኛ ፎቅ ያለነው ግፊቱ ስለማይደርሰን ጀሪካናችንን ይዘን እንወርዳለን። በፒጃማ የማንተዋወቅ ጎረቤቶች የለንም። ተቀናጅቶ መሥራት ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ፓናሊስት የለ፣ አበል የለ።

የመጋቢቱን ቀን የወለደው እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ የተካሄደው የአካባቢና ልማት ጉባኤ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት አጸደቀው፤ ከ1993 ጀምሮ ይከበራል። ዓላማው ስለ ውሃ ግንዛቤ ማስጨበጥ ነው። እኛ ጨብጠናል። አጥንታችን ድረስ ነው የጨበጥነው። በሰፈሩ እስካሁን ግንዛቤ ያልጨበጠው ቧንቧው ብቻ ነው።

የእጅ መታጠብ ቀንም አለ። ከ2008 (አሁንም በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ኦክቶበር 15 ላይ ይከበራል፤ በእኛ ጥቅምት 5 ማለት ነው። ልጄ ዋዜማው ላይ ከትምህርት ቤት መጣችና «ነገ የእጅ መታጠብ ቀን ስለሆነ ውሃ በሃይላንድ ይዛችሁ ኑ ተብለናል» አለችኝ። ባነር ከትምህርት ቤቱ፣ ሳሙና ከስፖንሰር፣ ውሃ ከወላጅ። ሰጠኋት። እጇን ታጥባ፣ ፎቶ ተነስታ፣ የተረፈውን ጠጥታ መጣች።

ቀን እንዴት ይወለዳል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ምጡ ቀላል ነው። አንድ አገር ረቂቅ ይዞ ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ይቀርባል። ሌሎች አገሮች ስማቸውን ያክሉበታል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥበት በስምምነት ያልፋል። ማን ይቃወማል? «ደስታን እቃወማለሁ» ብሎ እጁን የሚያወጣ አምባሳደር ከየት ይመጣል? የደስታ ቀን የቡታን ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጸደቀና መጋቢት 11 ላይ ተቀመጠ። የመጸዳጃ ቤትን ቀን ያመጣችው ሲንጋፖር ናት፤ በ2013 ጸድቆ ኅዳር 10 ይውላል። ይሄኛው እንኳ ቁም ነገር አለው፣ አልስቅበትም። ግን ቱና ዓሣም ቀን አለው፤ ሚያዝያ 24። ብስክሌት አለው፣ ሻይ አለው፣ ቴሌቪዥን አለው። ዝርዝሩ ከ200 በላይ ሆኗል። ቱና ቀን ካገኘ ባጃጅ ምን አጠፋ?

በነዚህ ውሳኔዎች መጨረሻ አካባቢ አንዲት አንቀጽ ትደጋገማለች። ለአከባበሩ የሚያስፈልገው ወጪ በበጎ ፈቃድ መዋጮ ይሸፈን የምትል። እሷን ሳነብ የእድራችን ጸሐፊ ትዝ ይለኛል። እሱ «በበጎ ፈቃድ» ሲባል ሰምቶ አያውቅም። ያልከፈለ ይቀጣል፣ የደገመ ይሰረዛል፣ የተሰረዘ ሬሳውን ራሱ ይሸከም ነው ደንቡ።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ አይሻሉም። ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በ1984 ጁላይን በሙሉ ለአይስክሬም ሰጥተውታል። የተወካዮች ምክር ቤታቸው ደግሞ ቀን ሲሰይም ውሎ ቀን ሲሰይም ማምሸቱ ሰለቸውና በ1995 የመታሰቢያ ቀን ረቂቅ ድርሽ እንዳይልብኝ ብሎ በደንቡ ከለከለ። ሴኔቱ አልከለከለም። አንዱ በር ሲዘጋ በሌላው የሚገባ ባለጉዳይ እዚያም አለ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ከፍ ያለው ቀን በአዋጅ ወጥቶ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ይታተማል። የሰንደቅ ዓላማ ቀን የጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ነው። የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ነው፤ በ1987 ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ዕለት። ችግሩ መንግሥት ሲሄድ ቀኑን ጠቅልሎ መሄዱ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ሐምሌ 16 የልደት በዓል ነበር። ደርግ ሲመጣ መስከረም 2 የአብዮት በዓል ሆነ። ኢሕአዴግ ግንቦት 20ን ይዞ ገባ። የድል በዓልን ሳይቀር ደርግ ወደ መጋቢት 28 ወስዶት ነበር፤ ኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ጡረተኛው ጎረቤቴ ሦስቱንም አክብረዋል። የመስከረም 2ን ሰልፍ የተሰለፉበት ጉልበት ግን እስከ ዛሬ ያማቸዋል። «ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» ይላሉ፤ ከዚያ ጉልበታቸውን እያሹ «ቀን ሰጪው ሲነሳ ደግሞ ቅሉም ድንጋዩም ወደየቤታቸው» ብለው ይጨምራሉ።

በቅርቡ ደግሞ ተራው የጳጉሜን ሆነ። ይህች ደመወዝ የማይከፈልባት ወር ዝም ብላ በኖረች፣ እያንዳንዱ ቀኗ ስም ወጣለት። በ2015 ጳጉሜን 1 የአገልግሎት፣ 2 የመስዋዕትነት፣ 3 የበጎነት፣ 4 የአምራችነት፣ 5 የትውልድ፣ 6 የአብሮነት ቀን ተባለ። በዓመቱ ስሙ ሁሉ ተቀየረ። ጳጉሜን 1 የመሻገር፣ 2 የሪፎርም፣ 3 የሉዓላዊነት፣ 4 የኅብር፣ 5 የነገ ቀን ሆነ። ሦስተኛ ብሎክ ያለ አንድ ወዳጄ በዚህ መሐል ጉድ ሆኗል። ያበደረውን ገንዘብ ሲጠይቅ ተበዳሪው «ለበጎነት ቀን እሰጥሃለሁ» ብሎ ቀጠረው። ዓመት ጠበቀና ጳጉሜን 3 ሄዶ አንኳኳ። ተበዳሪው በሩን ገርበብ አድርጎ «ዛሬ የሉዓላዊነት ቀን ነው፣ በውስጥ ጉዳዬ አትግባ» አለው።

እኔ የምለው ግን፣ እዚህ አገር ባዶ ቀን አለ ብሎ ማን ነገራቸው? ጥቅምት 5 የእጅ መታጠብ ቀን ከመሆኑ በፊት አቦ ነው። መጋቢት 13 የውሃ ቀን ከመሆኑ በፊት እግዚአብሔር አብ ነው። ልደታ፣ በዓታ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ እያልን ወሩ ያልቃል። እነዚህ ቀኖች ደግሞ ባለተራ አላቸው። የሚካኤል ጽዋ ዘንድሮ ጥር ላይ እማማ ጋ ከሆነ፣ እማማ ጠላ ይጠምቃሉ፣ ዳቦ ይደፋሉ፣ ወንበር ይዋሳሉ። ያኔ «ሁላችንም የድርሻችንን እንወጣ» የሚል ሰው የለም፤ ድርሻው የእማማ ነው። ቢያጓድሉ ስማቸው ከብሎክ ብሎክ ይዞራል። ማኅበርተኛው ጠጥቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ጽዋውን ለሚቀጥለው ያስረክባል። ተረካቢው እምቢ ማለት አይችልም። አሁን መጋቢት 13ን እንመልከት። ባለተራው ማን ነው? ውሃ ሳይመጣ ቢቀር የማን ስም ይጠፋል? ጽዋውን የተረከበ የለም። ሁሉም ባለድርሻ ነው፤ ባለተራ ግን የለም።

ኅዳር 12ንም አስቡት። ኅዳር 1911 ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፣ እኛ የኅዳር በሽታ ያልነው፣ አዲስ አበባ ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው ኅዳር 12 ሲደርስ ግቢውን ጠርጎ፣ ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። ኅዳር ሲታጠን እንለዋለን። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ቲሸርት ታትሞለት አያውቅም። በየደጁ የሚጠርግ ሰው ግን አለ፤ የጎረቤት ደጅ ጭሶ ያንተ ካልጨሰ ትታያለሃ። በነገራችን ላይ የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1996 ይህንኑ ዕለት የቴሌቪዥን ቀን ብሎ ሰይሞታል። ቱሉ ዲምቱ ላይ ጭሱ ከተነሳ ቴሌቪዥኑ እንኳ አይታይም። (ጭሱ ለሳንባ እንደማይበጅ አውቃለሁ። የአካባቢ ቀን ሲደርስ እንነጋገራለን።)

ይህን ሁሉ የብሎካችን ስብሰባ ላይ አነሳሁት። ለራሳችን ቀን እንሰይም፣ ግን ባለተራ ይኑረው አልኩ። ሐሳቡ ተወደደ። የታክሲ ሰልፍ ቀን ያለ ነበር፤ ሰልፍ በየቀኑ ስላለ ውድቅ ሆነ። እኔ «የአራተኛ ፎቅ ቀን» አልኩ። ሊፍት የለን፣ ውሃ አይደርሰን። በዚያ ቀን ምድርና አንደኛ ፎቅ ያሉ ጎረቤቶች ለእያንዳንዱ አራተኛ ፎቅ ነዋሪ አንድ አንድ ጀሪካን ያወጡለታል። ተራው ይዞራል። በቃ።

ስብሰባው ጸጥ አለ። ከዚያ ምድር ላይ ያሉት አንድ ሰውዬ እጃቸውን አወጡ። ሐሳቡን በመርህ ደረጃ እንደሚደግፉት፣ ነገር ግን «ያወጣል» የሚለው «እንዲያወጣ ይበረታታል» በሚለው ቢተካ እንደሚሻል ተናገሩ። ሌላው «እንደ አቅሙ» የሚል አስጨመረ። ሦስተኛው «በበጎ ፈቃድ» አለ። ኒው ዮርክ ሄዶ የማያውቅ ሰው ይህን አንቀጽ ከየት እንዳገኘው እስካሁን አልገባኝም። ስብሰባው ሲያልቅ ጀሪካኑ ከሰነዱ ወጥቶ ነበር። በምትኩ ስለ አራተኛ ፎቅ ግንዛቤ ለማስጨበጥ እስከ አራተኛ ፎቅ የእግር ጉዞ ይደረጋል። ባዶ እጅ።

ቀረን ቀኑ። እያንዳንዱን ስንጠራ «እሱማ ገብርኤል ነው»፣ «እሱማ ጽዋዬ ነው» ይባላል። የብሎኩ ገንዘብ ያዥ ሙስሊም ናቸው። ሳቅ እያሉ «ሠላሳውንም ይዛችሁት የለ እንዴ፣ ዓርብን ብቻ እንዳትነኩብን» አሉን። ጳጉሜንም ተነሳች፤ ስሟ በየዓመቱ ይቀየራል ተብሎ ተፈራ። በመጨረሻ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ የምትመጣው ጳጉሜን 6 በሙሉ ድምፅ አለፈች። በተለይ ምድር ቤቶቹ በጣም ደገፏት። የምትቀጥለው በ2019 ናት።

ቲሸርቱ ግን ከአሁኑ ይታዘዝ ተባለ። አንድ ጎረምሳ ደብተር ይዞ ቤት ለቤት የቲሸርት መጠን እየመዘገበ ነው። እኛ ጋ አልደረሰም። አራተኛ ፎቅ ያላችሁ በስልክ ብትነግሩኝ ይሻላል ብሏል።