ሃምሳ ሚሊዮን ሎሚ

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጢን አለ። ስልኩ በባለቤቴ በኩል ነበር። አነሳችና አነበበችው። «ዝም አልከኝ እኮ። ያስቀየምኩህ ነገር አለ? አሁንም ከእኔ ጋር ነህ?» ይላል። ከሥሩ የሴት ስም አለ።

«ማናት?» አለችኝ።

«ለሴኔት የምትወዳደር ሴትዮ ናት።»

እውነት ተናግሬ እንዲህ ውሸታም የመሰልኩበት ቀን የለም። ሊንኩን ከፍተን «አምስት ዶላር ብቻ» የሚለው ቁልፍ ሲመጣ ነው ትንሽ የታመንኩት። እሱም ብዙ አላዳነኝም። «እና ለማታውቃት ሴት ገንዘብ ትልካለህ?» አለችና ዞራ ተኛች።

ምን ልበላት? ሴትዮዋ የምትወዳደረው እግሬ ረግጦት በማያውቅ ግዛት ነው። እዚያ ብኖርም እንኳ አልመርጣትም። መምረጥ አልችልማ! ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። የአሜሪካ ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ ድምፅ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ገንዘብ ቢሰጥ ግን ችግር የለውም። አፍህን ዝጋ፣ ቦርሳህን ክፈት ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ሰጠሁ? ለዴሞክራሲ ብዬ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ሌላ ነው። አንድ ምሽት ተቀናቃኟ በቴሌቪዥን ሲስቅ አየሁት። ሳቁ አስጠላኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ጤና መድን ያላትን አቋም እስከ ዛሬ አላነበብኩም። አምስት ዶላሩ ለእሷ አልነበረም፣ በእሱ ላይ ነበር።

በዚህ ደግሞ ብቻዬን አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኬንታኪ በምትባል ግዛት ውስጥ ኤሚ ማክግራዝ የምትባል እጩ በሴኔት የሪፐብሊካኖች መሪ የነበረውን ሚች ማኮኔልን ልትጥል ተነሳች። ማኮኔልን የሚጠላ ሁሉ ከየግዛቱ ላከላት። ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበች። ወደ 20 የመቶኛ ነጥብ በሚጠጋ ልዩነት ተሸነፈች። በዚያው ዓመት ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጄሚ ሃሪሰን ሴናተር ሊንዚ ግራምን ለመጣል ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰበሰበ። እሱም በ10 ነጥብ ወደቀ። ንዴት ውድ ነገር ነው።

የምወደው ተረት አለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ።» የትንንሽ መዋጮ ፖለቲካ ሁሉ እዚህች ውስጥ አለ። በርኒ ሳንደርስ በ2016 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የደጋፊዎቹ አማካይ መዋጮ 27 ዶላር መሆኑን ከመደጋገሙ የተነሳ፣ ሕዝቡ ቁጥሩን እንደ መፈክር አብሮት ይጮህ ነበር። ደስ ይላል። ግን ተረቱ አንድ ነገር ይዘላል። ሎሚውን ማን ይጨምቀዋል? እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሎሚ ይዘን፣ አጊጠን ደረስን እንበል። ከዚያ በኋላ ሎሚው የማን ነው?

ይህን የምለው ቁስል ስላለብኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ለሚሰናበት አለቃችን ስጦታ ይዋጣ ተባለ። ሃያ ዶላር ሰጠሁ። ያኔ ሃያ ዶላር ለኔ ቀልድ አልነበረም። ስጦታው ሲሰጥ ካርዱን አየሁት። የሁሉም ስም አለ፣ የኔ የለም። ሳንቲም ያልሰጠው፣ ስብሰባ ላይ የሚያንኮራፋው ሰውዬ ግን ፈርሞ ከሥሩ ልብ ስሏል። ልብ! ሰብሳቢውን ብጠይቀው «ውይ፣ ረስቼህ ነው፣ ዋናው ሐሳቡ ነው» አለኝ። ዋናው ሐሳቡ ከሆነ ሃያ ዶላሬን መልስልኛ።

ያን ቀን ገባኝ። ሰው የሚያዋጣው ዕቃ ለመግዛት አይደለም፣ ካርዱ ላይ ለመግባት ነው። እዚህም ቢሆን አልተሳካልኝም። እጩዎች የሰጪውን ስም፣ ሥራና አሠሪ ለይተው የማሳወቅ ግዴታ ያለባቸው ሰውየው የሰጠው ከ200 ዶላር ሲያልፍ ነው። እኔ ከዚያ በታች ነኝ። አሁንም ካርዱ ላይ የለሁም።

የሚያናድደኝ ግን ይሄ አይደለም። «ዛሬ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ከሰጠህ በአምስት እጥፍ እንጨምርልሃለን» የሚሉት ነገር ነው። ማነው የሚጨምረው? በ2025 እና 26 የምርጫ ዙር አንድ ሰው ለአንድ እጩ በአንድ ምርጫ መስጠት የሚችለው ቢበዛ 3,500 ዶላር ነው። ታዲያ የኔን አምስት ዶላር እያየ፣ የጎረቤቴን አምስት ዶላር እያየ ሌሊቱን ሙሉ ሲያባዛ የሚያድረው ይህ ሰው ማን ነው? ስም የለውም። ይህ ቀልድ አይደለም፣ ጡረታቸውን ቆጥረው የሚሰጡ አሮጊቶችን ማታለል ነው። እነሱ እኩለ ሌሊት ሲባሉ እውነት መስሏቸው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።

ገደቡ ደግሞ ለኔና ለቢጤዎቼ ነው። ከ2010ሩ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ወዲህ ከእጩው ጋር ሳይመካከር ለብቻው ለቅስቀሳ ገንዘብ ለሚያወጣ ቡድን የፈለጉትን ያህል መስጠት ይቻላል። ኢሎን መስክ በ2024ቱ ምርጫ ከ250 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በአምስት አምስት ዶላር ላካፍለው አልኩና ሃምሳ ሚሊዮን ሰው ወጣኝ። ሃምሳ ሚሊዮን ሎሚ፣ ለአንድ ሰው። ሸክም ግን አልሆነበትም። ተረቱን ማን ያስተካክልልኝ?

ገንዘብ ሁሉን ይገዛል ማለቴም አይደለም። ቢሊየነሩ ማይክል ብሉምበርግ በ2020 የዴሞክራቶች የፕሬዚዳንት እጩ ለመሆን ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ከኪሱ አፍስሶ ያሸነፈው አሜሪካን ሳሞዋ የምትባል ትንሽ የደሴት ግዛትን ብቻ ነው። ያንን ሳነብ ሌላ አምስት ዶላር የሰጠሁ ያህል ደስ ብሎኛል።

እና ሴትዮዋስ? አዎ፣ ሴትዮዋ። «ስቶፕ» ብዬ ጻፍኩላት። ወዲያው «ከዝርዝራችን ወጥተሃል» አለችኝ። በማግስቱ በሌላ ቁጥር መጣች፣ ይህን ጊዜ «እያለቀስኩ ነው የምጽፍልህ» ብላ። ባለቤቴ አሁን ስልኩ ሲጮህ ቀና ብላ እንኳ አታይም፣ «እቺ ሴትዮህ ናት» ትለኛለች።

ትናንት ግን «ለመሆኑ ስንት ነው የሰጠሃት?» አለችኝ። «አምስት ዶላር» አልኳት። ከዚያ የባንክ ሒሳቤን ከፍቼ አየሁ። ለካ ስሰጥ በሞላሁት ቅጽ «በየወሩ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክቱ ቀድሞ ተደርጎ ኖሯል። አስራ አንድ ወር ሆኖታል። ለባለቤቴ ገና አልነገርኳትም።